ተመልሶ የመጣው ገዥ

የሴንት ኦስዊን ሰዎች ገዥ ሲመጣም ሲሄድም ማየት ለምደዋል። ገዥ በመርከብ ይመጣል፤ ኮረብታው ላይ ካለው ነጭ ቤት አራት አምስት ዓመት ይቀመጣል፤ ከዚያ ባንዲራ ይውለበለብለታል፣ መድፍ ይተኮስለታል፣ ይሄዳል። ስሙን ለአንድ መንገድ ወይም ለአንድ ድልድይ ይሰጡና ይረሱታል። ኮሎኔል አምብሮስ ትሪጊር ግን ሄዶ ተመለሰ። እንዲህ ያደረገ ገዥ ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አልታየም።

አምብሮስ የኮርንዎል ሰው ነው፤ የአንድ የገጠር ሐኪም አራተኛ ልጅ። አባቱ በጊዜ ሞተ፣ ቤቱ ተሸጠ፣ ወንድማማቾቹም እንደ ጨው ዘር ተበተኑ። እሱ ጢሙ በቅጡ ሳያቀመቅም ወታደር ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ የኔ የሚለው ጣሪያ አልነበረውም። ሕንድ ሄደ፣ ግብፅ ሄደ፣ ቀጥሎ ታላቁ ጦርነት መጣና ፈረንሳይ አገር ጭቃ ውስጥ ከረመ። እዚያ የመድፍ ፍንዳታ ግራ ጆሮውን ደፈነው። ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር የሚያዛቸው ሰዎች በዙ፤ አብሮት ማዕድ የሚቀርብ ሰው ግን እያነሰ ሄደ። ሚስት አላገባም። ለምን አላገባህም ሲሉት «ሳጥኔ ውስጥ ቦታ የለም» እያለ ይቀልድ ነበር፤ ንብረቱ ሁሉ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነበረችና።

ሃምሳ ሊሞላው ሲቃረብ የለንደን ሹሞች ጠርተው «ሴንት ኦስዊን ገዥ ትፈልጋለች» አሉት። ከእሱ በፊት የተጠየቁት መኮንኖች ሁሉ እምቢ ማለታቸውን አልነገሩትም። በውቅያኖስ መሐል ብቻዋን የተጣለች፣ መርከብ በወር አንዴ የሚያያት ደሴት ማን ይፈልጋል? ቢነግሩትም ግን ይሄድ ነበር። ሌላ መሄጃ አልነበረውም።

ሴንት ኦስዊን ወደብ የላትም። መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ሰው በጀልባ እስከ ድንጋዩ ደረጃ ይቀዘፋል፤ ከዚያ ማዕበሉ ጀልባዋን ሽቅብ ሲያነሳት ከላይ የተንጠለጠለውን ገመድ ጨብጦ መዝለል ነው። የዚያን ቀን ቀዛፊው ኢሳው ክራዊ የሚባል አንገተ ወፍራም፣ ነገር የማያልፍ ሰው ነበር። «አሁን!» ብሎ ጮኸ። የጮኸው ግን በኮሎኔሉ ግራ ጆሮ በኩል ነው። አምብሮስ የዘለለው ማዕበሉ መውረድ ሲጀምር ነበርና፣ ኢሳው በቀበቶው ባያንጠለጥለው ኖሮ የአዲሱ ገዥ ዘመን እዚያው ባለቀ ነበር። ነጭ ላባ የተሰካበት የሹመት ኮፍያው ባሕር ገባና እንደ ዳክዬ እየተንሳፈፈ ሄደ።

ደረጃው ላይ ሊቀበሉት የቆሙት ሙዚቀኞች መጫወታቸውን አቆሙ። ሕዝቡም ወደ ደረጃው ጠርዝ ተጋፋ።

«ኮፍያዬ ዋና ይችል ኖሯል» አለ አምብሮስ፣ እንደ ጆንያ ተንጠልጥሎ። «እኔ ግን አልችልም። ወንድሜ፣ አደራህን ቀበቶዬን እንዳትለቅ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ኢሳው ያን ቀን ማታ ለሚስቱ «ይኼኛው ሰው ይመስላል» አላት።

ገዥነቱ ያን ያህል የሚወራለት አልነበረም። ክፉ አልነበረም፤ ብልህም ነኝ አላለም። ያልገባውን ይጠይቃል፣ የገባውን ያስፈጽማል። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳው፤ የኮረብቶቹ መራቆት። ፍየሉ ሁሉ ተለቆ ይውላል፣ ቡቃያ አይቀርም፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ቀዩ አፈር ታጥቦ ባሕር ይገባል። ስለዚህ ሕግ አወጣ፤ ከላይኛው ሸለቆ በላይ ፍየል እንዳይሰማራ፣ ፍየሉ የሰው ተክል የበላበት ሰውም የተበላበትን ቦታ ዙሪያውን በገዛ እጁ እንዲክብ።

ሕጉ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በተለጠፈ በሳምንቱ ጸሐፊው ሚስተር ፕሪንግል ፊቱ ቀልቶ ገባ።

«ክቡርነትዎ፣ አንዲት ሴት ከነፍየሏ በር ላይ ቆማለች።»

«ፍየሏን ለምን አመጣቻት?»

«ምስክር ናት ትላለች።»

ሴትዮዋ ዶርካስ ዮን ነበረች፤ ባሏን ባሕር የበላባት፣ በላይኛው ሸለቆ ፍየል እያለበች የምትኖር፣ ረዥም ቀጭን ሴት። ፍየሏን ከደጅ አስራ ገባችና ሳታጎነብስ ቆመች።

«ክቡርነትዎ ይህን ሕግ ሲጽፉ የኔን መስክ አይተውታል?»

«ካርታ ላይ አይቼዋለሁ።»

«ካርታ ላይማ ፍየል አይግጥም።»

ፕሪንግል ጉሮሮውን ጠረገ። አምብሮስ ወንበሩን አዙሮ ደህነኛውን ጆሮውን ሰጣት። «እውነትሽን ነው» አላት። «ነገ እመጣለሁ።»

«ነገ ልብስ አጥባለሁ። ከነገ ወዲያ ይምጡ።»

ከወጣች በኋላ አምብሮስ ብቻውን ሳቀ። ለሰው ቀጠሮ ሲሰጥ እንጂ ከሰው ቀጠሮ ሲቀበል አልኖረም ነበርና።

በቀጠሮው ቀን በእግሩ ወጣ። ዶርካስ መስኩን አሳየችው፤ እሱም ጎርፍ የቆረሰውን ቦይ አሳያት። ተከራከሩ። እሷ «ፍየል ከሌለ ምን እንበላለን?» ትላለች፤ እሱ «አፈር ከሌለ ፍየሉ ምን ይበላል?» ይላል። በመጨረሻ ከአንዲት የደረቀች ምንጭ አጠገብ ሲደርሱ ቆም አለች።

«በእናቴ ጊዜ ይቺ ውኃ ጉልበት ትደርስ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እሺ፣ ጥፋቱ ከፍየሉ ይሁን። ግን ፍየል ክልክል ነው ሲሉት አይሰማም። ካብ ነው የሚሰማው። ከመከልከል ይልቅ ያስክቡን።»

«ድንጋይስ?»

«እዚህ አገር ከሱ ሌላ ምን ሞልቷል?»

ከዚያ ገብተው በሉ። ዓሣ ከድንች ጋር ተደቁሶ፣ ቃሪያ ገብቶበት፣ ድብልብል ተደርጎ የተጠበሰ። አምብሮስ በመጀመሪያው ጉርሻ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«አለቀሱ እንዴ?»

«ቃሪያው ነው።»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» አለችና ሌላ ጨመረችለት።

እንዲህ ሆኖ የሸለቆው ካብ ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕዝቡ ይወጣል፣ ገዥውም እጅጌውን ጠቅልሎ ይመጣል። ልቡ እንጂ እጁ አልረዳውም። ኢሳው የገዥውን ሥራ በጣቱ ገፋ እያደረገ «ይህ የካቡትማ ፍየል ስታስነጥስ ይናዳል፣ ክቡርነትዎ» ይለው ነበር። ዞር ሲል አፍርሰው እንደገና ይሠሩለታል። ከካቡ በላይ ዛፍ ተተከለ። በሦስተኛው ክረምት ምንጯ፣ ጉልበት ባትደርስም፣ ቁርጭምጭሚት አረጠበች፤ የዶርካስ ጎረቤቶችም በማሰሮ እየቀዱ ሊያሳዩት ነጩ ቤት ድረስ ወረዱ።

በአንደኛው ቅዳሜ፣ ሁለቱ ከካቡ ላይ ተቀምጠው ሲያርፉ፣ አምብሮስ ዶርካስን ስለ ዘሯ ጠየቃት።

«አያቴን ከባሪያ መርከብ ላይ አውርደው ነው እዚህ የጣሏት» አለችው፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው። «የእናቴ አባት መርከቡ ትቶት የሄደ ወታደር ነው። የአባቴ ወገን ከቻይና ለድንጋይ ሥራ የተጫነ ነው። ኢሳውን ቢጠይቁት የሱም እንዲሁ ነው። እዚች ደሴት ላይ ወዶ የመጣ ሰው የለም።» ከዚያ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ «እርስዎም ታዘው ነው የመጡት» አለችው።

አምብሮስ ተነሥቶ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ማታ ነጩ ቤት ሾርባውን ሲጠጣም ቃሏ ከጆሮው አልወጣም።

ዘመኑ ሲያልቅ ከለንደን ቴሌግራም መጣ። ሥራው ተመስግኖ በአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ የአንድ ሰፊ አገር ገዥ ሊሆን ነው፤ «ሰር» የሚለውም ማዕረግ አይቀርለትም። ሁሉም እንኳን ደስ ያለዎት አለው። ዶርካስ በቅቤ ማሰሮ ሙሉ የተደለዘ ቃሪያ ሰጠችውና «እዚያም አገር የሚያስለቅስዎ አይጡ» አለችው። ባንዲራው ተውለበለበ፤ መድፉ ተተኮሰ፤ አምብሮስ ሄደ።

ለንደን ውስጥ መኮንኖች የሚያርፉበት ቤት አረፈ። አንድ ማታ ከራት በኋላ ከሌሎች ገዥዎች ጋር እሳት ዳር ተቀመጠ። አንዱ ስለ ሙቀቱ አማረረ፣ ሌላው ስለ አሽከሮቹ ሌብነት፣ ሌላው ስለ ትንኝ። ከዚያ «አንተስ ትሪጊር? ያንተዎቹ እንዴት ነበሩ?» አሉት።

አምብሮስ ስለ ኢሳው ጀመረ። ከኢሳው ወደ ካቡ፣ ከካቡ ወደ ምንጯ፣ ከምንጯ ምስክር ሆና ወደ ቀረበችው ፍየል አለፈ። ሰዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ሰዓታቸውን አዩ፤ ቀጥሎ አንድ በአንድ «ደህና እደር» እያሉ ተነሡ። እሱ አላስተዋለም። ቀና ሲል ባዶ ብርጭቆ ሊያነሳ የቆመ አስተናጋጅ ብቻ ቀርቷል።

«ከዚያስ ጌታዬ? ሴትዮዋ ምን አሉ?» አለ አስተናጋጁ።

አምብሮስ የቀረውን ሁሉ ነገረው። በማግስቱ ጧት መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ሹመቱን አልቀበልም አለ። አበደ ያሉ ነበሩ፤ ፀሐይ መትታው ነው ያሉም ነበሩ። እሱ ግን የቆርቆሮ ሳጥኑን አንስቶ ወደ ደቡብ የሚሄደውን የመጀመሪያ የጭነት መርከብ ያዘ።

ኢሳው መንገደኛ ሊቀበል በጀልባ ሲወጣ፣ መሰላሉን የሚወርደውን ሰው አይቶ ዓይኑን አሸ።

«ክቡርነትዎ! ምን ረስተው ነው?»

«ምንም አልረሳሁም። ልኖር ነው የመጣሁት።»

«ታዘው?»

«ማንም አላዘዘኝም።»

ኢሳው መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ አየው። «እንግዲያውስ በዚህች ደሴት ወዶ የመጣ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት» አለ። ከዚያ ቀዘፈ፣ እየሳቀ ቀዘፈ።

ነጩ ቤት የገባው አዲሱ ገዥ ሰር ሊዮኔል ብራክሊ ይባላል፤ ሥርዓት የሚወድ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው። አምብሮስን በቶሎ አስጠራው።

«ኮሎኔል፣ አይቀየሙኝ። ግን በአንድ በረት ሁለት ኮርማ አይታሰርም። የቀድሞ ገዥ በገዛበት አገር አይቀመጥም፤ ይህ ልማድ ነው።»

«በኮርማው አይስጉ» አለ አምብሮስ። «የኔ ነገር ፍየል ነው።»

«ለለንደን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሚስት ሊያገባ ነው የመጣው ይበሉ።»

«ማንን?»

«ገና አልጠየቅኳትም።»

ሰር ሊዮኔል ብዕሩን አስቀመጠ። ለዚህ የሚሆን ደንብ አላገኘም።

አምብሮስ ከዚያው ተነሥቶ ሸለቆውን ወጣ። ዶርካስ ጉረኖው ውስጥ ተቀምጣ ታልባለች። ከመንገድ ጀምሮ ሲያጠናው የመጣው ንግግር ሲያያት ጠፋበት።

«ዶርካስ፣ ላገባሽ ነው የመጣሁት።»

ማለቧን አላቆመችም። «ገዥ አላገባም።»

«አሁን ገዥ አይደለሁም እኮ።»

«ልማዱ አልለቀቀዎትም። ይህ መጠየቅ አይደለም፤ አዋጅ ነው።»

አምብሮስ ኮፍያውን አወለቀ። ከሰላሳ ዓመት በላይ ሰው አዝዞ የኖረ አንደበት ሲንተባተብ ለራሱም ገረመው። «ዶርካስ… እባክሽን… ታገቢኛለሽ ወይ?»

«አሁን ጥያቄ ሆነ» አለች። «አስብበታለሁ። እስከዚያው ያንን ባልዲ ያቀብሉኝ።»

ያ «እስከዚያው» ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። አምብሮስ በኢሳው ቤት ጓዳ ተከራይቶ ተቀመጠ። ማለብ ተማረ፤ ፍየሎቹ መጀመሪያ ረገጡት፣ ኋላ ለመዱት። ከምንጯ ውኃ ተሸከመ። ከኢሳው ጋር ባሕር ወጥቶ ገመድ ሳበ፤ ኢሳውም «ክቡርነትዎ፣ ገመዱን ይያዙና አፍዎን ይዝጉ» እያለ ያዝዘው ነበር። ሰው «ክቡርነትዎ» የሚለውን አልተወም፤ ቃሉ ግን አሁን የቅጽል ስም እንጂ የማዕረግ አልነበረም። አምብሮስ ማታ ማታ ጀርባው እየታመመው፣ እጁ እየተላጠ፣ እንደ ሕፃን ይተኛል። በጦርነቱ ምክንያት ያጣውን እንቅልፍ ያገኘው ያኔ ነው።

አንድ ዝናባማ ጧት የጉረኖውን በር ሳይዘጋ ወጣ። ፍየሎቹ እየተጋፉ ወደ ጎመኑ ሲሮጡ ከቤት ውስጥ ጩኸት ተሰማ።

«አንተ ሰውዬ! በሩን በርግደህ ትተህ የት ትሄዳለህ? ጎመኔን አስጨረስከው! ና መልስ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!»

አምብሮስ ግን ዝናቡ ውስጥ ተገትሮ ቀረ። በመንገድ ያለፈው ኢሳው ነገሩን ከእሱ ቀድሞ ተረዳው።

«ክቡርነትዎ» አለው ጠጋ ብሎ፣ በደህነኛው ጆሮው በኩል። «‹አንተ› አለችዎት እኮ! እሺ ማለቷ ነው። ይሂዱ ፍየሉን ይመልሱ፣ ሳትመለስበት!»

ሠርጉ በፋሲካ ማግሥት ሆነ። ሰር ሊዮኔል ታሞ ነው ተብሎ አልመጣም፤ ሚስቱ ግን መጥታ ከቃሪያው ዓሣ በልታ አለቀሰች።

እንግዲህ ዶርካስ አንድ ወጠጤ ነበራት፤ ጢሙ ረዥም፣ አስተያየቱ ኮስታራ ስለሆነ «ዳኛው» ብላ ነበር የሰየመችው። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ዳኛው አምብሮስ የካበውን ካብ ገፍቶ ወጣ፤ ኮረብታውን ወርዶ ነጩ ቤት ግቢ ገባ፤ የሰር ሊዮኔል ሚስት ከእንግሊዝ አስመጥታ የተከለቻቸውን ጽጌረዳዎች እስከ ግንዳቸው ቀረጠፋቸው። ሰር ሊዮኔል ከሰሰ። ደሴቲቱ በሙሉ ሥራ ፈትታ ፍርድ ቤት ተገኘች።

ዳኛ ሆነው የተቀመጡት ሽማግሌው ሚስተር ጎድዊን ነበሩ።

«አበባውን የበላው ማን ነው?» አሉ።

«ዳኛው ነው፣ ክቡር ዳኛ» አለ አምብሮስ።

ችሎቱ ተናጋ። ሚስተር ጎድዊን ጠረጴዛውን መቱ፤ የራሳቸውም ትከሻ ግን ይንቀጠቀጣል።

«ይህን የሚመለከተውን ሕግ ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የሚያቀርቡት መከላከያ አለዎት?»

«የለኝም። ሕጉ ደህና ሕግ ነው። ካቡ ነው መጥፎው፤ እሱንም የካብኩት እኔ ነኝ።»

«እውነት ነው!» አለ ኢሳው ከኋላ። «እኔ እመሰክራለሁ!»

በሕጉ መሠረት አምብሮስ በጽጌረዳዎቹ ዙሪያ እንዲክብ ተፈረደበት። ሰር ሊዮኔል የመጀመሪያውን ቀን በመስኮት አየው። ሁለተኛውን ቀን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወጣና «ያ ድንጋይ ተገልብጧል» አለ። አምብሮስ «ያሳዩኝ» አለው። ሰር ሊዮኔል ኮቱን አወለቀ። የሰውየው አባት ለካ ግንበኛ ኖሯል፤ ይህንንም በደሴቲቱ ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር። ካቡ አልቆ እስኪገናኝ ሁለቱ አብረው ሠሩ፤ ሲደክማቸው ከጥላው ተቀምጠው ሲጋራ ተካፈሉ። ከዚያ ወዲህ ሰር ሊዮኔል እሑድ እሑድ ሸለቆውን እየወጣ የፍየል አይብ መብላት አመል ሆነበት። ዘመኑ አልቆ ሲሰናበትም የአምብሮስን እጅ ይዞ «ቀናሁብህ» አለው።

ሌሎች ገዥዎች መጡ፣ ሄዱ። አንዳንዶቹ አምብሮስን ያማክሩት ነበር፤ አንዳንዶቹ ማን መሆኑንም ሳያውቁ ከሱ አይብ ገዝተው ሄዱ። ሁለተኛው ጦርነት ሲነሣ በሬዲዮ ሰማ፤ ለሁለት ቀን ምግብ አልበላም፤ በሦስተኛው ቀን ዶርካስ ባልዲውን እጁ ላይ አስቀመጠችው። ልጅ አልወለዱም። የዶርካስ የእህት ልጅ ኪዝያ ግን ከነሱ ዘንድ አደገች፤ አግብታም ከአጠገባቸው ጎጆ ወጣች። አምብሮስ ሲያረጅ ቀኝ ጆሮውም ደከመ። ዶርካስ ስትቆጣው የሚሰማውን ሰምቶ የቀረውን በፊቷ ያነብ ነበር። «ድሮ ጦር ሠራዊት አዝዘሃል አሉ፤ ዛሬ አንዲት ግልገል አልታዘዝ አለችህ?» ስትለው፣ «ጦር ሠራዊቱ እንዳንቺ ፍየሎች አልጠገበም ነበር» ይላታል።

ሰባ አምስት ዓመት አልፎት፣ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ ሞተ። ዶርካስ የተኛ መስሏት ጫማውን አውልቃለት ነበር።

የዚያን ጊዜው ገዥ ወጣት ሰው ነው፤ ወሬውን እንደሰማ መጣ።

«እመቤቴ፣ ለቀድሞ ገዥ መድፍ መተኮስ ደንብ ነው።»

«ገዥው የሄደ ጊዜ ተኩሳችሁለታል» አለችው፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «አንድ ሰው ስንቴ ይሸኛል? ይኼ የኔ ባል ነው። ደግሞም ግማሾቹ ፍየሎች ሊወልዱ ደርሰዋል፤ መድፍ ካስደነገጣቸው ይጨነግፋሉ።»

ወጣቱ ገዥ ወደ ኢሳው ዞረ። ኢሳው፣ አርጅቶ በምርኩዝ የቆመው ኢሳው፣ «ልጄ፣ እሺ በላት። ያለዚያ ምስክር ታመጣለች» አለው።

መድፍ አልተተኮሰም። የቀዛፊዎቹ ልጆች ሬሳውን በትከሻቸው ተሸክመው ከላይኛው ሸለቆ፣ ከዛፎቹ ሥር ቀበሩት። ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ በዶርካስ ግቢ ተቀምጦ በላ፤ ወሬውም ቀስ በቀስ ወደ ሳቅ ዞረ፤ እሷም ሳቀች፤ በመሐል እያለቀሰች። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ተነሥታ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ኪዝያ «ተይ አክስቴ፣ ዛሬ እኔ አልባለሁ» ብትላት፣ «እጅሽን አያውቁትም» ብላ ባልዲውን አንስታ ወጣች።